መልስ፦ የጅራታም ኮከብን ቦታና ድምቀት ያለ ቴሌስኮፕ መከታተል

ወንድሜ፣ ከፍኖተ ሰላም ሆኜ ያለ ቴሌስኮፕ ጅራታም ኮከብን መከታተል እችላለሁ ወይ ብለህ ጠይቀሃል። በሚገባ ትችላለህ! በጥቅምት 2017 ሹቺንሻን-አትላስ የተባለውን ጅራታም ኮከብ ከደብረ ማርቆስ ዳር፣ ከጤፍ ማሳ ጠርዝ ላይ ቆሜ በየምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ስመዘግብ የያዝሁት ደብተር፣ እርሳስና ባይኖኩላር ብቻ ነበር።

ለቦታው ክንድህን ዘርጋ፤ የተጨበጠው እጅህ 10 ዲግሪ፣ ትንሿ ጣትህ 1 ዲግሪ ያህል ትሸፍናለች። ከታወቁ ኮከቦች ያለውን ርቀት ለክተህ ከቀንና ከሰዓት ጋር ጻፍ።

ድምቀቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጅራታሙ ነጥብ ሳይሆን ጭጋግ ስለሆነ በቀጥታ ከኮከብ ጋር አይነጻጸርም። ባይኖኩላሩን አደብዝዝና ኮከቦቹ እንደ እርሱ ሰፍተው ሲታዩህ፣ ከአንዱ ደማቅና ከአንዱ ፈዛዛ መካከል የት እንደሚወድቅ ገምት። የሰማይ አካላት ድምቀት የሚገለጽበት ቁጥር (ማግኒቲዩድ) ሲያንስ ብርሃኑ እንደሚበልጥ አትርሳ። ያ ጅራታም ጥቅምት 2 ቀን ለምድር እጅግ ቀርቦ፣ ማለትም 70 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ካለፈ በኋላ፣ ምሽት በምሽት ከፍ እያለና እየፈዘዘ ሲሄድ ደብተሬ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ምህዋሩን፣ ማለትም በፀሐይ ዙሪያ የሚሄድበትን መንገድ፣ ራስህ ለማስላት ቢያንስ 3 ትክክለኛ ምልከታዎች ያስፈልጉሃል፤ ለዚህ በእጅ መለካት አይበቃም፣ ኮከቦቹም አብረው የሚታዩበት ፎቶግራፍ አንሳ።