50 ዶላር የተጻፈበትን የብር ሳንቲም በ40 ልግዛ ወይ ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። የሥራ ባልደረባህ አንድ የግል ድርጅት ያወጣቸው የብር ሳንቲሞች አሉት። እያንዳንዱ አንድ ወቄት (የፈረንጁ አውንስ) ንጹሕ ብር ነው ተብሎ ፊቱ ላይ 50 ዶላር ተጽፎበታል። ለአንተ በ40 ሊሰጥህ ነው። አንተ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ሱቅ ገብተህ በ50 ታወጣዋለህ። «በአንድ ሳንቲም 10 ዶላር ማትረፍ ነው፣ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?» ብለሃል።

እኔ ይህንኑ ነገር አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ። ዓመቶቹንም ወራቱንም በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው።

በ2006 ሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና ታክሲ እነዳ ነበር። በየሳምንቱ ኤርፖርት የማደርሰው አንድ ደንበኛ ነበረኝ። አንድ ቀን ሒሳቡን ከከፈለኝ በኋላ አንድ ሳንቲም መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ከበድ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ፣ የሴት ራስ ያለበት ነው። «ሊበርቲ» ይላል፣ «20 ዶላር» ይላል፣ «ዩኤስኤ» ይላል። «ይሄ እውነተኛ ገንዘብ ነው፣ ወረቀት አይደለም» አለኝ። ለእኔ አንዱን በ16 ዶላር ሊሰጠኝ ተስማማን። 15 ገዛሁ፣ 240 ዶላር ማለት ነው። ለታክሲ ነጂ የሁለት ቀን ልፋት ነበር።

ሊበርቲ ዶላር የሚሉት ይህ ነው። በርናርድ ፎን ኖትሃውስ የሚባል ሰው በ1998 የጀመረው ሲሆን ጽሕፈት ቤቱ ኤቫንስቪል፣ ኢንዲያና ነበር። በብር የተደገፈ የግል ገንዘብ ነው። ሲጀመር አንድ ወቄት ብር ላይ 10 ዶላር ተጻፈበት፤ ያኔ ብር በገበያ 5 ዶላር ገደማ ነበር። ብር እየተወደደ ሲመጣ በ2005 መጨረሻ ላይ ያው አንድ ወቄት 20 ዶላር ተባለ። አባል የሆነ ሰው በቅናሽ ይገዛዋል፣ ሱቅ ውስጥ በተጻፈበት ዋጋ ያወጣዋል፣ ልዩነቱ የእሱ ነው። ለአንተ የቀረበልህም ይኸው ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከት። እኔ በገዛሁበት ሰሞን አንድ ወቄት ብር በገበያ ከ11 እስከ 12 ዶላር ነበር። 16 ስከፍል ከ20 ላይ 4 ዶላር ያተረፍኩ መሰለኝ። የገዛሁት ግን ብር ነው፤ ለብሩ ደግሞ ከገበያው በላይ ቢያንስ 4 ዶላር ጨምሬ ከፍያለሁ። 20ውን ማንም አልሰጠኝም፣ የጻፈው ሻጩ ነው። ከእኔ በ20 የሚቀበለው ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ 8 ዶላር ይከስራል። ቅናሽ ያልነው ገንዘብ የሚመጣው ከዚያ ሰው ኪስ ነው።

ይህ የገባኝ ግን በሒሳብ አልነበረም። የገባኝ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ውስጥ ነው።

ባለሱቋ እንደ እናቴ የማያቸው ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። አንድ ቅዳሜ እንጀራና በርበሬ ገዛሁና ከሳንቲሞቹ አንዱን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አወረዱና በመዳፋቸው አገላበጡት። «ውይ፣ ጠገራ ነው እንዴ?» አሉ፣ ፊታቸው በራ። እኔም የብር ገንዘብ ነው፣ 20 ዶላር ነው አልኳቸው። መልስ ሰጡኝ። ሦስት ቀን ቆይተው ደወሉ። «ልጄ፣ ያ ነገር ባንክ አልገባም አለ። ልጅቷ ደጋግማ አየችውና መለሰችልኝ። ሌሎቹም መጥተው አዩት።» ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የፈሩ ነው የሚመስሉት፣ ሐሰተኛ ገንዘብ አስገባች እንዳይባሉ። ወዲያው ሄጄ 20 ዶላራቸውን መለስኩና ሳንቲሙን ወሰድኩ። ያ ስልክ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። አምነውኝ ነው የተቀበሉት። እኔ ባልሆን አይቀበሉም ነበር።

«ጠገራ» ያሉት ነገር ግን ብዙ አሳሰበኝ። አያቴ ሦስት ጠገራ ነበራት፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ትሬዛ ምስል ያለባቸው የድሮ የብር ገንዘቦች፣ በጨርቅ ቋጥራ ሣጥን ሥር የምታስቀምጣቸው። ሁሉም 1780 ይላሉ፣ በየትኛውም ዓመት ቢመቱ። ልጅ ሳለሁ ስትመረምራቸው አይቻለሁ። ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ በጥፍሯ እየነካች ዙሪያውን ያሉትን ነጠብጣቦች ትቆጥራለች፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ከዚያ ድንጋይ ላይ ጣል ታደርግና ድምፁን ታዳምጣለች። ፊትና ጀርባውን ብታገላብጥ ጠገራ ላይ የዋጋ ቁጥር አታገኝም። 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ከመቶው 83 እጅ ብር ነው፣ በቃ። የአገራችን ወቄት ራሱ የሚለካው በጠገራ ክብደት ነበር። ሰው የሚያምነው ክብደቱንና ድምፁን ነው። እኛ እኮ ማዕድኑንም ገንዘቡንም በአንድ ቃል ነው «ብር» የምንለው። የእኔዎቹ ሳንቲሞች ደግሞ ብሩ እውነተኛ ሆኖ ዋጋውን ግን አንድ ሰው ተነሥቶ የጻፈባቸው ናቸው።

የመንግሥትም ቁጥር ቢሆን ብር ላይ ሲጻፍ ብዙ ትርጉም የለውም። የአሜሪካ መንግሥት ከ1986 ጀምሮ የሚያወጣው የንስር ሳንቲም አንድ ወቄት ብር ሆኖ «1 ዶላር» ይላል። በአንድ ዶላር የሚሸጥልህ ሰው ካለ ንገረኝ፣ ሌሊት ተነሥቼ እመጣለሁ።

ወደ ሕጉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብ። በአሜሪካ ሕግ ከወርቅም ከብርም ከሌላ ብረትም ሳንቲም ሠርቶ እንደ መገበያያ ገንዘብ ማውጣት ወንጀል ነው፣ ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እስር ይደርሳል። የመንግሥትን ሳንቲም ባይመስልም፣ መልኩ አዲስ ፈጠራ ቢሆንም ሕጉ ያገኘዋል። ደግሞም የሚለው የሠራውን ብቻ አይደለም፣ የሚያስተላልፈውንም ነው። ሱቅ ገብተህ በ50 የምታወጣው አንተ ነህ።

እኔ በገዛሁበት ዓመት መስከረም ላይ የአሜሪካ ሳንቲም ማምረቻ መሥሪያ ቤት እነዚህን ሳንቲሞች እንደ ገንዘብ መጠቀም ወንጀል ነው ብሎ በይፋ አስጠነቀቀ። ኅዳር 2007 ኤፍ ቢ አይ ኤቫንስቪል ያለውን ጽሕፈት ቤትና አይዳሆ ውስጥ ሳንቲሙ የሚመታበትን ቦታ ፈተሸ፣ ብሩንም ወርቁንም ወሰደ። ፎን ኖትሃውስ በ2009 ተከሰሰ። መጋቢት 2011 ስቴትስቪል ላይ ጥፋተኛ ተባለ። ስቴትስቪል ከሻርሎት በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ወሬው ቤታችን ነው የደረሰው። ቅጣቱ በታኅሣሥ 2014 ሲሰጥ 6 ወር የቤት ውስጥ እስርና 3 ዓመት አመክሮ ሆነ። ብዙ ዓመት ይታሰራል ሲባል ነበርና ቀለል አለለት።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ድርጅቱ ሳንቲም ብቻ ሳይሆን «ብርህ መጋዘን ውስጥ አለ» የሚል ወረቀትም ይሸጥ ነበር። መጋዘኑ ሲፈተሽ ወረቀት የያዙት ሰዎች ብራቸው መንግሥት እጅ ገባና ለዓመታት ጠበቁ። ባልደረባህ ከሳንቲም ይልቅ ደረሰኝ ወይም ስልክ ላይ የሚታይ ሒሳብ ልስጥህ ካለህ ጨርሶ አትንካው።

እርግጥ በቅናሽ የሚገዛ የግል ገንዘብ ሁሉ እንዲህ አይደለም። ማሳቹሴትስ ውስጥ በ2006 የተጀመረው ቤርክሼርስ የሚባል የአካባቢ ወረቀት አለ። መጀመሪያ ላይ 90 ሳንቲም ከፍለህ የአንድ ዶላር ዕቃ ትገዛበት ነበር። ግን ነጋዴው ገና ሲገባበት ያውቀው ነበር፣ ቅናሹን ራሱ ፈቅዶ ይሸከመው ነበር፣ ባንክ ወስዶም ይመነዝረው ነበር። የእኔዋ እትዬ ማንም አልጠየቃቸውም።

ስለዚህ የምመክርህ ይህ ነው። ፊቱ ላይ ያለውን 50 እርሳው። ስልክህን ክፈትና ዛሬ አንድ ወቄት ብር በገበያ ስንት እንደሆነ እይ። ከ40 በታች ከሆነ ቅናሽ አላገኘህም፣ ጨምረህ ነው የምትከፍለው። ከ40 በላይ ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ከገበያ በታች ለምን ይሸጥልኛል ብለህ ጠይቅ። የሳንቲም ነጋዴ ጋ ቢወስደው ያንኑ ወይም የተሻለ ያገኛል። እንዲህ ያለ ዋጋ ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው በብር የተለበጠ መዳብን ነው።

ካልገዛሁ አይሆንልኝም ካልክ ሚዛን ይዘህ ሂድ። የፈረንጁ ወቄት 31.1 ግራም ነው። የወጥ ቤት ሚዛን አይበቃም፣ የአንጥረኛ ትንሿ ሚዛን ነው የምታስፈልግህ። ማግኔት አስጠጋበት፤ ከተሳበ ብር አይደለም። ካልተሳበ ግን ብር ነው ማለት አይደለም፣ መዳብም አይሳብም። አንዱን ብቻ ገዝተህ ሳንቲም ነጋዴ ጋ ወስደህ አስመርምረው። ሌላውን ከዚያ በኋላ አስብበት።

የእኔዎቹ የት እንደደረሱ ልንገርህ። አንዱን ጸጉር አስተካካዬ ምን እንደሆነ በደንብ ነግሬው፣ የብር ዋጋውን ቆጥረን፣ ለማስታወሻ ወሰደው። ሚያዝያ 2011 ብር ከ40 ዶላር ሲያልፍ 10 ያህሉን ልሸጥ ወጣሁ። የመጀመሪያው ነጋዴ ገና ሲያየው እጁን ሰበሰበ፤ ፍርዱ ከተሰጠ ወር አልፎት ነበር፣ ከመንግሥት ጠበቆች ወገንም ሊወረሱ ይችላሉ የሚል ነገር ተሰምቷል። ሁለተኛው መዘናቸው፣ «እንደሚቀልጥ ብር ብቻ ነው የምገዛው» አለና አንዱን በ38 ሒሳብ ከፈለኝ። አተረፍኩ፣ አልክድም። ግን ያተረፍኩት ብሩ ስለተወደደ ነው፣ 20 የሚለው ጽሑፍ ምንም አልጨመረልኝም። በዚያው ሰሞን በ45 የገዛ ወዳጄ ደግሞ በ2015 ብር ወደ 14 ዶላር ሲወርድ ቁጭ ብሎ አይቷል።

አራቱ እስካሁን ቤቴ አሉ፣ ከአያቴ ጠገራ አጠገብ። አንተ ከመክፈልህ በፊት የሳንቲሙን ፊትና ጀርባ፣ ጠርዙንም ጭምር አቅርበህ ፎቶ አንሣና እዚህ ለጥፈው። ክብደቱን ከቻልክ እስከ ነጥብ አንድ ጻፍልን። ማታ ከሥራ ስወጣ አየዋለሁ።