ፍልውሃን ያወቅኩት ሬይክጃቪክ ላይ ነው

ለአንድ ዓመት ውጭ አገር ልትማሩ ሻንጣ እየሸከፋችሁ ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ ጂኦግራፊ የምታጠኑ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

እኔ የሄድኩት አይስላንድ፣ ዋና ከተማዋ ሬይክጃቪክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1998። በገባሁ ማግስት ሻወር ስከፍት ውሃው የተቀቀለ እንቁላል ሸተተኝ። ቱቦው የተበላሸ መስሎኝ አከራዬን ጠራኋቸው። አሮጊቷ እጃቸውን ከውሃው ስር አድርገው «ከመሬት ሆድ የመጣ ነው፣ አትፍራ» አሉኝ። ለካ የድኝ ሽታ ነው። ክረምታቸው ሲገባ ደግሞ ከተማው ሁሉ ነጭ ሆኖ መሃል ከተማ ያለው የእግረኛ መንገድ ብቻ እርጥብ ሆኖ አየሁት። ቤቶቹን አሙቆ የወጣው ውሃ በንጣፉ ስር በተቀበረ ቱቦ ስለሚያልፍ በረዶው መሬት እንደነካ ይቀልጣል። ብርዱን ረስቼ ቆሜ አየሁ።

አንድ ቀን መምህራችን ስለ ስምጥ ሸለቆ ሲያስረዳ ወደ እኔ ዞረና «አዲስ አበባም ፍል ውሃ አለ አይደል? ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ነው? ለምን ትጠቀሙበታላችሁ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ያደግኩት እዚያው ፍልውሃ አካባቢ ነው! እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ቤት ያሠሩት በዚህ ውሃ ምክንያት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። የሬይክጃቪክ ስምም «የጭስ ወሽመጥ» ማለት ነው፣ ጭስ የተባለው ደግሞ የፍል ውሃ እንፋሎት ነው። ታሪኩን አውቃለሁ፣ ውሃውን ግን አላውቀውም። በጣም ቆጨኝ።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሰፈራችሁን ነገር እወቁ። ወንዙ ከየት ይነሳል? ቤታችሁ የሚበራው መብራት ከየትኛው ግድብ ነው የሚመጣው? እናቶቻችን ማገዶና ከሰል ከየት ይገዛሉ? ይህን ሳታውቁ ከሄዳችሁ የምታዩትን ነገር የምታመዛዝኑበት አይኖራችሁም።

እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ማሽኑን ብቻ አትዩ። ኔስያቬትሊር የሚባል፣ በመሬት ውስጥ ሙቀት የሚሠራ የኃይል ጣቢያ ወስደውን ነበር። ሙቅ ውሃው 27 ኪሎ ሜትር በቱቦ ተጉዞ ሬይክጃቪክ ሲደርስ የሚቀንሰው 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረው በዚያው በ1998 ነበር። የእኛም አሉቶ ላንጋኖ፣ ዝዋይና ላንጋኖ ሐይቆች መሃል ያለው፣ በዚያው ዓመት 7 ሜጋ ዋት ገደማ ይዞ ሥራ ጀመረ። ዜናውን ስሰማ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። የእነሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ 120 ሜጋ ዋት ደረሰ፣ የእኛ ግን ብዙም ሳይቆይ እክል ገጥሞት ለዓመታት ቆመ።

ይሄ ለምን ሆነ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። እሳቱማ እኛም እግር ስር አለ። እነሱም ቢሆኑ ድሮ እንዲህ አልነበሩም፤ አከራዬ ልጅ እያሉ ከተማው በከሰል ጭስ የታፈነ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር ገና ብዙ ቤት በነዳጅ ነበር የሚሞቀው። ሙቅ ውሃ ፍለጋ የሚደረግ ቁፋሮ ውድ ነው፣ ባዶ ጉድጓድም ያጋጥማል፣ ያንን ኪሳራ ብቻውን የሚሸከም ደግሞ አይገኝም። እነሱ ለቁፋሮ የሚያበድር የመንግሥት ፈንድ ነበራቸው፤ ተቆፍሮ ካልተገኘ ብድሩ ይሰረዛል። እኔ ከተርባይኑ ይልቅ ይቺን ነገር ነው ይዤ የመጣሁት። እናንተም ገንዘቡ ከማን ወጣ፣ ኪሳራውን ማን ቻለ ብላችሁ ጠይቁ።

ታዳሽ ኃይል የተባለ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለትም አይደለም። ከዓመታት በኋላ እዚያው አገር 690 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የካውራህንዩካር ግድብ ለአንድ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ተብሎ ሲሠራ ሰፊ የደጋ መሬት ውሃ ዋጠው፣ ሕዝቡም አደባባይ ወጣ። የተቃወሙትንም የደገፉትንም አናግሩ።

አገሬ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ደብተር ይዤ ፍልውሃ ሄድኩ። ገላዬን ታጥቤ ስወጣ አንድ አዛውንት ሠራተኛ አግኝቼ ስለ ውሃው ጠየቅኳቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝና አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዱኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚህ ጉዳይ የጠየቃቸው ተማሪ እንዳልነበረም ነገሩኝ።