"መርፌ በሆድ አያልፍም"?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። አባቴ በኢንዶስኮፒ የጨጓራ ቁስለት ተገኝቶባቸው የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ጀምረዋል። የልብ ቫልቫቸው በብረት ስለተቀየረ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪንም ይወስዳሉ። ጉልበታቸውን ሲያማቸው ደግሞ "ጨጓራ የሚልጠው ክኒኑ ነው፣ መርፌ በሆድ አያልፍም" እያሉ ዲክሎፍናክ ይወጋሉ። እውነታቸውን ነው?

ሴት ልጃቸው

መልስ፦ እህቴ፣ አይደለም። ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

ይህን ነገር የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ጨጓራ ራሱ ከሚያመነጨው አሲድ የሚድነው ውስጡን በሚሸፍነው ዝልግልግ ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹ እንዲመረት የሚያደርገው ደግሞ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን፣ አስፕሪን ሕመም የሚያስታግሱት ይህንኑ ንጥረ ነገር ቀንሰው ነው። ተዋጠም ተወጋም በደም ዞሮ ጨጓራ ይደርሳል። ቁስሉ ለመዳን እስከ 8 ሳምንት ሊፈልግ ይችላል፤ በመሀል እየተወጉ ከሆነ ግን ኦሜፕራዞሉ የጠገነውን መርፌው መልሶ ያፈርሰዋል።

እኔን በጣም ያስጨነቀኝ ግን ዋርፋሪኑ ነው። ዋርፋሪን በራሱ ጨጓራ አያቆስልም፤ የቆሰለው ከደማ ግን ደሙ ቶሎ አይቆምም። ዲክሎፍናክ ደግሞ ቁስሉን ያባብሳል፣ ደም የሚያረጉትን ፕሌትሌቶችም ያዳክማል። በዚያ ላይ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጡንቻው ላይ ሲወጋ እዚያው ደም ሊቋጥር ይችላል። ይህን ሰምታችሁ ደንግጣችሁ ዋርፋሪኑን እንዳታስቆሟቸው፣ አደራ! ብረት ቫልቭ ላይ ደም ከረጋ ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል። መቆም ያለበት ዲክሎፍናኩ ነው።

ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይሻላቸዋል። እሱም ቢሆን በየቀኑ ከተወሰደ የዋርፋሪንን ኃይል ሊጨምር ስለሚችል ሐኪማቸው ይወቀው፣ አይኤንአራቸውም (ደማቸው ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው የደም ምርመራ) ቶሎ ይታይ። ኦሜፕራዞሉን ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ይዋጡ። የጨጓራ ቁስለት የሚያመጣውን የኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ምርመራ ካላደረጉ ጠይቁላቸው፤ ባክቴሪያው ከተገኘ ከሚታዘዙት አንዱ ክላሪትሮማይሲን ሊሆን ይችላል፣ እሱም ዋርፋሪንን ያጠነክራል፣ ስለዚህ መድኃኒቶቻቸውን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስመለሳቸው ወይም ተነሥተው ሲቆሙ ካዞራቸው ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ድንገተኛ ክፍል አድርሷቸው፤ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ገና በር ላይ ተናገሩ።