ጸበል፣ ክኒንና ምክር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

«ወንድሜ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ነበር። ሪስፔሪዶን በሚባለው የአእምሮ ሕመም ክኒን ተሽሎታል። አሁን ሰባት ቀን ጸበል ሊገባ ነው፤ ቤተሰቡ ክኒኑን ያቁም ይላል።» ከዘጌ

አያቁም። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም፤ ሰው ነው የሚያጣላቸው። ሪስፔሪዶን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ጾም ማቋረጫ ምክንያት አይሆንም። በቀን ሁለቴ ታዝዞለት ከሆነ፣ ማታ አንዴ ቢወስደው ይሆን እንደሆነ ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። የሰባቱን ቀን ክኒን ቆጥራችሁ፣ የሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ጨምራችሁ ለሚያስታምመው ሰው ስጡ። የንስሐ አባቱንም ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ «ልጄ፣ ክኒንህን ዋጥ» ካሉት እሺ ይላል።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። መድኃኒቱ እንደተጀመረ ወይም መጠኑ እንደተጨመረ ባሉት ቀናት አንገቱ ወደ ጎን ሊጠመዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋው ሊቆለፍ ይችላል። ጸበል ቦታ ላይ ይህን ያየ ሰው «መንፈሱ ተነሣ» ይላል። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው፤ ጡንቻው ተኮማትሮ ነው። ቶሎ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ በመርፌ ወይም ትራይሄክሲፊኒዲል በሚባል ክኒን ይለቀዋል። ሐኪሙ ሳያውቅ ግን ሪስፔሪዶኑን አታቋርጡ። የሚወስደው ለስሜት መዋዠቅ የሚታዘዘው ሊቲየም ቢሆን ኖሮ መልሳችን ይለይ ነበር፦ ውኃ ሳይጠጡ ረጅም ጾም ሊቲየሙን ደም ውስጥ አከማችቶ ይመርዛል።

ማሰርና መግረፍ ካለበት ቦታ ደግሞ ዛሬውኑ አውጡት።

«ለድብርት ፍሉክሰቲን 20 ሚሊ ግራም ከጀመርኩ 10 ቀኔ ነው፤ ለውጥ የለም። ልቀይረው?» ከሽምብጥ

ገና ነው፤ ይታገሡት። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሲሆን ይጀምራል፤ ሠራ አልሠራም ለማለት እስከ 6 ሳምንት ይጠበቃል። ቀድመው የሚመጡት ማቅለሽለሽ፣ መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ናቸው፤ ጠዋት ይዋጥ የሚባለውም ለዚህ ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ወይም ከበረታ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ለቅርብ ሰው ነግረው በዚያው ዕለት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እስከዚያ በክኒኑ ብቻ አይመኩ። ሰዓት ቆርጠው በየቀኑ አንድ ትንሽ ነገር ያድርጉ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በጣና ዳር 20 ደቂቃ መሄድ፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት ልብስ ማጠብ። ፍላጎቱ እስኪመጣ አይጠብቁ፤ በድብርት ጊዜ ፍላጎት ከሥራው በኋላ ነው የሚመጣው። በአንድ ሳምንት ውስጥ አዲስ ክኒን፣ የባህል መድኃኒትና የእንቅልፍ ኪኒን አይደራርቡ፤ የቱ እንደረዳ፣ የቱ እንደጎዳ መለየት ያቅታል። ሲሻልዎትም ቢያንስ 9 ወር ይቀጥሉ።

«የአእምሮ ሕመም ክኒን እየወሰዱ ጫት መቃም ይቻላል?» ከባሕር ዳር

አይቻልም። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ እንቅልፍ ሲጠፋ የሕመሙ ምልክቶች፣ ድምፅ መስማቱም ጥርጣሬውም፣ ይመለሳሉ። ማታ ለጨብሲ የሚጠጣው አልኮል ከሚያስተኛ ክኒን ጋር ሲገናኝ ደግሞ ትንፋሽ ያዳክማል። መተው ከከበደዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ መደበቅ የመድኃኒቱን መጠን ያሳስታል።

«እህቴ ለስሜት መዋዠቅ ቫልፕሮኤት ትወስዳለች፤ ልታገባ ነው።» ከባሕር ዳር

ከሠርጉ በፊት ሐኪሟን ታግኝ። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ሲወሰድ ከ10 ሕፃናት 1 ያህሉ ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ይዞ ይወለዳል። ሌላ መድኃኒት እስኪቀየርላት አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ትጠቀም። በራሷ ግን በድንገት አታቁመው፤ ሕመሙ በርትቶ ሊመለስባት ይችላል።