ከአፈር የተገኘው አዲስ አንቲባዮቲክ ለእናቴ ይደርስላታል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 67 ዓመቷ ነው። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እየተመላለሰ ያሠቃያታል። በመጨረሻው ምርመራ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ብዙ መድኃኒቶችን ተላምዷል ተባልን። ከአፈር ባክቴሪያ የማይላመደው አንቲባዮቲክ ተገኘ ሲባል ሰማሁ፤ ልናገኘው እንችላለን? አፈሩን ራሱን ቁስል ላይ ማድረግስ ይጠቅማል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር፤ አደጋ ያለው እሱ ላይ ነውና። አፈር ቁስል ላይ አይደረግም። መንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ባክቴሪያ መኖሪያው አፈር ነው፤ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ፈዋሹ ንጥረ ነገር ደግሞ ተለይቶ፣ ተጣርቶና ተመጥኖ ካልሆነ መድኃኒት አይሆንም።

የሰሙት ዜና ግን መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ1943 ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ማከም የቻለ የመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ነበር። ኤሪትሮማይሲንም ቫንኮማይሲንም ከዚያው ከአፈር የወጡ ናቸው። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ተዳከመ፤ አብዛኞቹ የአፈር ባክቴሪያዎች ላብራቶሪ ውስጥ አያድጉምና ተመራማሪዎች የሚያገኙት ያንኑ የታወቀውን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው ቴይክሶባክቲን የተባለው አንቲባዮቲክ የተገኘው ባክቴሪያዎቹን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ለያይቶ እዚያው አፈር ውስጥ በማሳደግ ነው። መድኃኒቱ ተጣብቆ ከሥራ የሚያግደው የባክቴሪያው ግድግዳ የሚሠራበትን ቅባታማ ጥሬ ዕቃ ነው። ባክቴሪያ ሌሎች መድኃኒቶች የሚያጠቁትን ፕሮቲን እንደሚለውጥ ይህን በቀላሉ ሊለውጠው አይችልም። «የማይላመደው» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የታየው ግን በላብራቶሪ ሙከራ ነው።

ለእናትዎ ግን ቴይክሶባክቲን መፍትሔ አይሆንም። ኢ. ኮላይ በግድግዳው ላይ የተደረበ ሌላ ውጫዊ ሽፋን አለው፤ መድኃኒቱ ይህን አልፎ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2025 ይፋ የተደረገው ሌላው የአፈር ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ፣ ላሪዮሲዲን፣ እንዲህ ያለ ሽፋን ካላቸው ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹን ማጥቃት ችሏል፤ በጣም ያስደሰተኝ ግኝት ነው። ሆኖም ሙከራው በአይጥ ላይ ነው። ከአይጥ እስከ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ኩላሊት የሚጎዱ፣ ደም ውስጥ ቶሎ የሚፈርሱ እየተባሉ አብዛኞቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ለጥቂት ቀን ብቻ የሚወሰድ፣ ለክፉ ጊዜ ተብሎ የሚቀመጥ መድኃኒት ትርፍ ስለሌለው ብዙ ኩባንያዎች ሥራውን መተዋቸው ያሳዝነኛል።

ስለዚህ አዲሱን አይጠብቁ። የካልቸር ምርመራውን (ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበት የሚለየውን) ወረቀት ይዘው ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፤ «ብዙ መድኃኒት ተላምዷል» ማለት ሁሉንም ማለት አይደለም። ለፊኛ ኢንፌክሽን ናይትሮፉራንቶይንና ፎስፎማይሲን የተባሉት አሮጌ መድኃኒቶች ዛሬም ብዙ ጊዜ ይሠራሉ፤ ፎስፎማይሲን እንዲያውም ራሱ የአፈር ባክቴሪያ ሥራ ነው። ምርጫው የኩላሊታቸውን አቅም ያገናዘበ መሆን አለበት። ለምን እንደሚመላለስባቸውም ይጠይቁ፦ ስኳር፣ ጠጠር፣ ፊኛ ውስጥ የሚቀር ሽንት ሊሆን ይችላል። የወር አበባ ካቆመ በኋላ በብልት የሚደረግ የኢስትሮጅን ቅባት መመላለሱን ይቀንሳል፤ ይህን ብዙ ሴቶች ሳይነገራቸው ይቀራሉ።

ሌላም አለ። ማቃጠል ወይም ሌላ ስሜት ሳይኖር ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ ስለታየ ብቻ በእሳቸው ዕድሜ አንቲባዮቲክ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ያለአስፈላጊነቱ የተወሰደው ደግሞ የሚተርፈውን ባክቴሪያ ያጠናክራል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጎን ሕመም፣ ማስመለስ ወይም ድንገተኛ መደናገር ከታየባቸው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይውሰዷቸው።