ከጥያቄው በኋላ ያለው ዝምታ

ውድ ወጣት መምህራን፣

ተማሪን ከትምህርቱ ጋር የሚያስተሳስረው ምን እንደሆነ ስትጠይቁኝ፣ ብዙዎቻችሁ አንድ ጨዋታ፣ አንድ የትምህርት መርጃ ወይም አዲስ መተግበሪያ እንድጠቁማችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። እነዚህን አልንቅም። እኔ ግን ከ30 ዓመት በላይ ሒሳብ ሳስተምር ዘግይቼ የተማርኩት ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው፤ ይኸውም ጠይቆ ዝም ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥያቄ ስጠይቅ ከፊት ወንበር ሦስት እጆች ወዲያው ይወጡ ነበር፤ አንዱን እጠራለሁ፣ መልሱን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ክፍሉም የነቃ ይመስለኛል። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ በጣቶቹ ሲቆጥር አየሁት። ስሌቱን ጨርሶ እጁን ሲያነሣ እኔ መልሱን ጽፌ ነበር፤ ያነሣውንም እጅ ጸጉሩን አከከበት። ሰነፍ ነው ብዬ የመዘገብኩት ልጅ ለካስ ያጣው ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ ነበር።

አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባሳተሟቸው ጥናቶች፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሰከንድ ያህል መሆኑን አሳይተዋል። ጊዜው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲራዘም የተማሪዎች መልስ ይረዝማል፣ ምክንያት የሚሰጡትም ይበዛሉ። ተማሪው መልሶ ሲጨርስም መታገሥ ያስፈልጋል፤ ቶሎ «ጎበዝ» ብንል ሌላው ማሰቡን ያቆማልና።

መጠበቁ ፍሬ የሚኖረው ግን ጥያቄው ሊያሳስብ የሚችል ሲሆን ነው። ክፍልፋይን ከማስተማሬ በፊት «ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የትኛው ይበልጣል?» ብዬ እጠይቅና፣ ሁሉም ግምቱን ከነምክንያቱ በደብተሩ ጽፎ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር እንዲከራከር አደርጋለሁ። «አራት ከሦስት ስለሚበልጥ አንድ አራተኛ ይበልጣል» የሚል አይጠፋም። ይህን ስሕተት አትቅጩት፤ ለትምህርቱ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አይገኝም። እኩል የሆኑ ሁለት የወረቀት ቁራጮች ሰጥታችሁ አንዱን በሦስት፣ ሌላውን በአራት ሲያጥፍና ሲያስተያይ፣ በራሱ አፍ «ለካ ሰው ሲበዛ ድርሻው ያንሳል!» ይላል። የሐርቫርዱ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ኤሪክ ማዙርም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ተማሪዎቻቸው መልስ መርጠው፣ ከጎረቤታቸው ተወያይተው፣ እንደገና እንዲመርጡ በማድረግ ሲያስተምሩ ቆይተዋል፤ ስለዚህ ዘዴው ለሕፃናት ብቻ የሚበጅ አይደለም።

ሽልማትን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም፤ ከረሜላ ያነቃው ክፍል ከረሜላው ሲያልቅ ሲተኛ አይቻለሁ።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል የሚያስቸግረው ጫጫታው ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ስለዚህ በአንድ ክፍለ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ክርክር አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ብቻ ምረጡ፤ የቀረውን እንደወትሮው አስተምሩ።

ዝምታው መጀመሪያ ያስጨንቃችኋል፤ ትምህርቱ የቆመ፣ እናንተም የጠፋችሁ ይመስላችኋል። እኔ በልቤ እስከ አምስት እቆጥራለሁ። አፌ አልታገሥ ሲለኝ ደግሞ ዳስተሩን አንሥቼ ጀርባዬን እሰጣቸውና፣ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ አጠፋለሁ።