የጤና ሳይኮሎጂ ድህረ ምረቃ፦ የጠየቃችሁትና መልሱ

(ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ የጤና ሳይኮሎጂ ከክሊኒካል ሳይኮሎጂ በምን ይለያል? ሁለቱም ሆስፒታል ውስጥ ይሠራሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ በመነሻቸው። ክሊኒካሉ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከአእምሮ ሕመም ሲሆን ይኼኛው ከሰውነት ሕመም ይነሳል፦ ከስኳር፣ ከደም ግፊት፣ ከካንሰር። ሰው መድኃኒቱን ለምን ያቋርጣል? ሲጋራ ከተወ በኋላ ለምን ይመለስበታል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እንደዘገበው፣ በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕክምናቸውን በታዘዘላቸው መሠረት የሚከታተሉት በአማካይ 50 በመቶ ያህሉ ናቸው። የዘርፉ ሥራ የቀረው ግማሽ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ዲግሪዬ ነርሲንግ ነው። ያስገቡኛል?

መልስ፦ የሚቀበሉ አሉ። በሽታውንና የሕክምና ቤቱን አሠራር ማወቅዎ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የሚጎድልዎት አብዛኛውን ጊዜ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ ነው፣ እሱን አስቀድመው ይሙሉ። በብሪታንያው መንገድ ለሚሄድ ግን በብሪታንያ የሳይኮሎጂ ማኅበር ዕውቅና ያለው የሳይኮሎጂ ዲግሪ ግድ ነው። ሌላ ዘርፍ ያጠኑ ሰዎች ኮንቨርዥን ኮርስ (ወደ ሳይኮሎጂ የሚያሸጋግር ትምህርት) የሚወስዱት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲውን ልምረጥ ወይስ አማካሪውን?

መልስ፦ ለፒኤችዲ አማካሪውን። ያለፉትን አምስት ዓመታት ሥራዎቹን ያንብቡ፤ የተማሪዎቹ ስም በመጀመሪያ ደራሲነት ይታያል? ሕመምተኞችን የሚያገኝበት ክሊኒክ አለው? አሁን ያሉትን ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁ፦ የላኩት ረቂቅ በስንት ሳምንት ተነቦ ይመለሳል? ከዚህ የበለጠ የሚናገር ነገር የለም። ለአማካሪው የሚጽፉት ደብዳቤ ከ200 ቃል አይብለጥ፤ ከሥራዎቹ አንዱን ጠቅሰው ከሱ የሚቀጥል ጥያቄ ያቅርቡ። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ሁሉም የሚጽፈው ነው።

ጥያቄ፦ ፕሮፖዛሌ ሁለቴ ተመለሰ። «ቲዮሪው ደካማ ነው» ይሉኛል፤ ሌላ ቲዮሪ ልፈልግ?

መልስ፦ ቲዮሪውን ከመቀየርዎ በፊት ድርጊቱን ይመልከቱ። «የአካል እንቅስቃሴን ማሳደግ» ድርጊት አይደለም፣ ምኞት ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ጊዜ? «ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው አዋቂዎች ከእራት በኋላ በሰፈራቸው 20 ደቂቃ በእግር ይሄዳሉ፣ በሳምንት አምስት ቀን» ሲባል ይለካል። ቀጥሎ የሚያግዳቸውን ይለዩ። ሱዛን ሚኪና ባልደረቦቿ በ2011 ያቀረቡት ኮም-ቢ የተባለ የባህርይ ሞዴል ሦስት በር ያሳያል፦ ችሎታ፣ ዕድል (የአካባቢው ሁኔታ መፍቀዱ)፣ ተነሳሽነት። የጎደለው የሚሄዱበት ሰላማዊ መንገድ ከሆነ በራሪ ወረቀት ማደል ምን ያደርጋል? ብዙ ፕሮፖዛል የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ችግሩ ዕድል ሆኖ ሳለ መፍትሔው ትምህርት ይሆናል።

ከዚያ የሚጠቀሙበትን ዘዴ በስሙ ይጥሩት። በ2013 የወጣው ዝርዝር 93 የባህርይ ለውጥ ዘዴዎችን ይዟል፤ ግብ ማውጣትና ራስን መከታተል ከነዚያ ውስጥ ናቸው። «ምክር ተሰጣቸው» ብሎ ማለፍ ሌላ ተመራማሪ እንዳይደግመው ያደርጋል።

ሌላው ጉድለት ሐሳብን («ላደርገው አስቤያለሁ» ማለትን) ለክቶ ድርጊት ተለወጠ ማለት ነው። ዌብና ሺራን በ2006 47 ሙከራዎችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ሐሳብ በ0.66 መደበኛ ልይይት (ሰዎች ከአማካዩ በተለምዶ የሚርቁበት መጠን) ሲቀየር ድርጊት የተቀየረው በ0.36 ብቻ ነበር። ስለዚህ ድርጊቱን ራሱን ይለኩ፤ መለኪያውንም አይመኑት። እንክብል መቁጠር ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን ሰው ከቀጠሮው በፊት የተረፈውን ሊደፋው ይችላል። በምራቅ ውስጥ ኮቲኒን (ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚገኘው ንጥረ ነገር) መለካት ማጨስን ያሳያል፣ የኒኮቲን ማስቲካ የሚያኝክ ሰው ላይ ግን ያሳስታል። እዚያ ላይ በትንፋሽ ካርቦን ሞኖክሳይድ መለካት ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ከትናንት ወዲያ የተጨሰውን ብዙም አይነግርዎትም።

ጥያቄ፦ ስታቲስቲክስ ያስፈራኛል። ምን ያህል ይበቃኛል?

መልስ፦ ሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚያሰላ ዘዴ፣ ውጤቱ አዎ ወይም አይደለም ለሆነበት የሚያገለግለውን ሎጂስቲክን ጨምሮ)፣ ተደጋጋሚ ልኬት፣ የጎደለ መረጃ አያያዝ፣ የናሙና መጠን ስሌት። የመጨረሻውን የሚንቁት ብዙ ናቸው። ሁለት ቡድን ሲያወዳድሩ፣ የሚጠብቁት ልዩነት መካከለኛ (0.5 መደበኛ ልይይት) ከሆነ፣ በ5 በመቶ የስህተት ወሰን (የሌለውን ልዩነት አለ የማለት ዕድል) እና በ80 በመቶ ፓወር (ያለውን ልዩነት የማግኘት ዕድል)፣ በየቡድኑ 64 ሰው ያስፈልጋል። ልዩነቱ ትንሽ (0.2) ከሆነ ቁጥሩ ወደ 394 ይዘላል። ከአምስት አንዱ ያቋርጣል ብለው ካሰቡ 64ቱን ለማግኘት 80 ይመዝግቡ። በ30 ሰው ሠርቶ «ጥቅም የለውም» ብሎ መደምደም ያሳፍራል፤ ያልታየው የለም ማለት አይደለም። ያቋረጡትንም ከትንተናው አያውጧቸው፤ የሚቀሩት የበረቱት ስለሆኑ ውጤቱ ያለ ልኩ ያምራል።

ጥያቄ፦ የተግባር ሥልጠናው ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ምኑን ነው?

መልስ፦ ለመምከር መቸኮሉን። ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ (ሰው የራሱን የመለወጥ ምክንያት እንዲናገር የሚያግዝ የምክክር ዘዴ) ሲማሩ ንግግሩ በሕመምተኛው ፈቃድ ይቀዳል፤ ተቆጣጣሪው ስንት ጥያቄ እንደጠየቁና ስንቴ የሰውየውን ሐሳብ መልሰው እንዳንጸባረቁ ይቆጥራል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ማንጸባረቅ ጥሩ ይባላል፣ አንድ ለአንድ ደህና ነው። የሁለት ቀን ዎርክሾፕ ብቻውን አያዘልቅም፤ ቅጂው እየተደመጠ መታረም አለበት።

ጥያቄ፦ ማስተርስ ስይዝ «የጤና ሳይኮሎጂስት ነኝ» ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ የሚሠሩበት አገር ሕግ ይወስነዋል። በብሪታንያ ስያሜው ከ2009 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ከማስተርሱ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት ክትትል የሚደረግበት ሥራ ይጠይቃል። በአሜሪካ በአብዛኛው ዶክትሬት፣ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕና የፈቃድ ፈተና ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የሥነ ምግባር ፈቃድ መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ፣ በዚያው ሳምንት። ሆስፒታል ውስጥ የሚሠሩ ከሆነ ከዩኒቨርሲቲውም ከሆስፒታሉም ሁለት ፈቃድ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ አንዱ ያዘዘው ማስተካከያ ደግሞ ሌላው ጋ እንደገና ያስመልሳል። መጠይቁን እስከዚያ በባልደረቦችዎ ላይ ይሞክሩት እንጂ አንድም ሕመምተኛ አያስሞሉ፤ ከፈቃዱ በፊት የተሰበሰበ መረጃ በኋላ በሚመጣ ፊርማ አይድንም።